የወይራ አፋፍ ቦኖ ለቅሶ

ከወይራ አፋፍ ወደ ወንዙ የሚወርደው ገደል ከጥልቀቱ የተነሳ ከላይ የለቀቁት ድንጋይ ታች እስኪደርስ ሳር ያበቅላል ይባላል። ይሄ ውሸት ነው። ድንጋዩን ታች ቆሞ የጠበቀ ሰው ስለሌለ ሳሩን ያየ የለም። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ የምትወጣ ሴት ጥላዋ ደክሞት መንገድ ላይ ቁጭ እንደሚል ግን በለጡ ትምላለች። "ደጄ ደርሼ ዞር ስል የለም! ምሳ በልቼ ስጨርስ ነው እያለከለከ የደረሰው" ትላለች። ከመካነ ሰላም ወዲህ ባለው አገር ይህን ሰምቶ "ዋሸሽ" ያላት ሴት የለችም። ጥላውን የሚጠራጠሩት ገደሉን ያልወረዱ ወንዶች ናቸው።

የዚያን ዕለት ጧት በለጡ ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ፣ ጉልበቷን በእጇ እየገፋች አፋፉ ላይ ብቅ ስትል ጎረቤቷ ኑርጃን ስልክ ይዛ ቆማ ጠበቀቻት።

"አንች በለጡ፣ ነይ እስቲ ቶሎ ነይ! ጅዳ ላይ ስትስቂ ታየሽ!"

"ጅዳ? እኔ መካነ ሰላም ከገባሁ ራሱ ከርሜያለሁ።"

"ወላሂ! ፈውዚያ ናት የላከችልኝ። እይ።"

ፈውዚያ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ የኑርጃን ልጅ ናት። በለጡ ጀሪካኑን ሳታወርድ አንገቷን አስግጋ አየች። እውነትም ራሷ ናት። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ድዷ እስኪታይ ተከፍታ፣ እጇን ከሚንዠቀዠቅ ቦኖ ሥር ዘርግታ ትስቃለች። ከፎቶው ሥር የተጻፈውን ፈውዚያ በድምፅ አንብባ ልካዋለች፦ "የእናታችን ሳቅ የጥም ዘመን ማለፉን ይናገራል። የወይራ አፋፍ ሕዝብ ለዘለቄታው ንጹሕ ውሃ አግኝቷል። ጠል ለወገን የልማት ድርጅት።" ቀጥላም በራሷ ቃል "እማዬ፣ በያቸው፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እዚህ ያለን ሁላችን ሼር አድርገነዋል" ትላለች።

"ይሄ ያን ቀን ነው" አለች በለጡ።

ያን ቀን ማለት አምና ከፋሲካ በኋላ ያ ድርጅት ከአዲስ አበባ የመጣበት ቀን ነው። ሰዎቹ መንገድ ዳር ሲሚንቶ አፈሰሱ፣ ቦኖ ተከሉ፣ ከጉብታው ላይ ጥቁር ሮቶ አስቀመጡ። የውሃ ቦቴ ተነድቶ መጣና ሮቶውን ሞላው። ጥብጣብ ተቆረጠ፣ ቦኖው ተከፈተ፣ ጠላና ብርዝ ተጠጣ። የቦቴው ውሃ እስኪያልቅ ቦኖዋ ፈሰሰች፤ ካለቀ በኋላ አንዲት ጠብታ አልወጣትም። ሮቶው ከቦኖዋ በቀር ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘም ነበር። ከምንጭም፣ ከጉድጓድም፣ ከሰማይም።

ሳቁም ቢሆን በውሃው ደስታ የመጣ አይደለም። ፎቶ አንሺው ልጅ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደግኖ "ፈገግ በሉ እናቴ፣ ፈገግ በሉ" እያለ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ሲያፈገፍግ፣ ከቦኖው የፈሰሰው ጭቃ ላይ በቂጡ ዘፍ አለ። እየወደቀ ነው ያነሳት። ፎቶው ትንሽ ዘመም ያለው ለዚያ ነው።

በለጡ ይህን አስታውሳ ዳግም ልትስቅ አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ዘጋችው። ነገሩ ገባት። ባለፈው ሳምንት የጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና ይዘው በየቀበሌው ከሚዞሩት ሰዎች አንዱ መጥቶ ነበር። እሷ ወንዝ ነበረች። ሰውየው ስልኩን ከፍቶ "እናንተማ ውሃ አግኝታችኋል። ይኸው፣ ሴትዮዋ ትስቃለች" ብሎ ወደ ሌላ ቀበሌ አለፈ። መቆፈሪያው በዚህ አገር የሚቆየው ግንቦት እስኪወጣ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መጣበት ይመለሳል።

"ኑርጃን፣ ያች የምትስቀው ሴትዮ እኔ ነኝ።"

"አንች ነሻ። ማን መሰለሽ?"

"ውሃችንን የከለከለን የኔ ጥርስ ነው!"

ጀሪካኑን አሽቀንጥራ ልትጥለው ቃጣት። ግን ውሃ ነበረበት። ቀስ አድርጋ አወረደችውና እዚያው ማለች፦ ግንቦት ሳይወጣ ያ ሳቅ ከጥርሷ ላይ ይነሳል፣ መቆፈሪያውም ይመለሳል።

በገበያው ቀን መካነ ሰላም ሙእሚን ዘንድ ሄደች። ሙእሚን ሞባይል ጠጋኝ ነው። የሞተ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ "ቢስሚላህ" ሲለው ስልኩ "አቤት" ይላል እየተባለ ይወራለታል። ከሱቁ ጠረጴዛ ሥር ሌላ ሥራም ነበረው። "የመካነ ሰላም ልጆች በያሉበት" የሚል የፌስቡክ ገጽ ይመራል። የጠፋ ሰው የሚፈለገው፣ የታመመ የሚረዳው፣ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚሰበሰበው፣ ሞት የሚነገረው በዚያ ገጽ ነው። ጅዳ፣ ቤሩት፣ አዲስ አበባ፣ ደሴ ያለ የዚያ አገር ልጅ ሁሉ ጧት ዓይኑን ሳይታጠብ እሱን ነው የሚያየው።

"እትዬ በለጡ፣ እርስዎማ ታዋቂ ሆነዋል!" አላት ገና ስትገባ።

"ታዋቂነቱን ተወውና ውሸት ነው ብለህ ጻፍበት።"

ጻፈ። እሷ ፊቱ ቆማ እያየችው "ይህ ቦኖ ውሃ የለውም፤ ሴትዮዋ እዚህ አጠገቤ ናቸው" ብሎ ከፎቶው ሥር ጻፈ። ጣቱን ሳያነሳ ጽሑፉ ጠፋ። ደግሞ ጻፈ። አሁን የድርጅቱ ገጽ ራሱ ጠፋበት።

"ብሎክ አደረጉኝ።"

"ምን ማለት ነው?"

"በር ዘጉብኝ እንደማለት ነው።"

"እንግዲያስ በመስኮት ግባ።"

ሙእሚን የድርጅቱን ስልክ ፈልጎ ደወለና ለእሷ ሰጣት። ያነሳው የድርጅቱ አስተባባሪ ወንድዬ የሚሉት ሰው ነበር። ያን ቀን ጥብጣብ የቆረጠውም እሱ ነው።

"እናቴ! እርስዎ ነዎት? ፎቶዎ እኮ በጣም ተወዷል!"

"ጤና ይስጥልኝ። ፎቶውን ከዚያ አንሱልኝ።"

"ለምን? ምን የመሰለ ፎቶ!"

"ፎቶው ይጠጣል፣ እኔ አልጠጣሁም። ቦኖዋ ደርቃለች። በናንተ ሳቢያ መቆፈሪያው አልፎን ሄደ።"

"አይ፣ እሱ የጥገና ጉዳይ ነው። በቀጣዩ ምዕራፍ እናየዋለን። እስከዚያ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ሰው ማየት አለበት። የእርስዎ ሳቅ ስንቱን እንዳነቃቃ ቢያውቁ!"

"እኔን ግን ወገቤን ቆረጠኝ" አለችና ስልኩን ለሙእሚን መለሰችለት። እንዴት እንደሚዘጋ አታውቅም ነበር። ወንድዬ ሙእሚን ጆሮ ላይ ብዙ አወራ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የቀበሌው ሊቀ መንበር በላይ መንገድ ላይ ጠበቃት። በላይ አንድ ለአምስት ሳያደራጅ ማሳው ውስጥ በቆሎ እንኳ አያበቅልም እየተባለ የሚታማ ሰው ነው። በቆሎዎቹም እሱ ሲመጣ ይሰለፋሉ ይላሉ።

"በለጡ፣ ሰው ሰብስበሽ ቅሬታ ልታስነሺ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"ተባለ ነው የምልሽ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ያስጠይቃል። ቦኖው በሪፖርት የገባ ልማት ነው። ልማትን ጥላሸት መቀባት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

"ልማቱ ይፍሰስና እኔው ነኝ እያጠብሁ የማነጣው።"

"ተናገሪ እንግዲህ! ለስብሰባ ፈቃድ፣ ለሰልፍ ፈቃድ፣ ለፊርማ ማሰባሰብም ፈቃድ።"

"ለለቅሶስ?"

በላይ ሳቀ። "ለለቅሶ ደግሞ ማን ይፈቅዳል? የሞተበት ያለቅሳል፣ ጎረቤት ይደርሳል፣ በቃ።"

በለጡ አመስግናው ሄደች። ሰውየው ለምን እንደተመሰገነ ሳይገባው ቆሞ ቀረ።

በዚያ አገር ቅሬ የሚባል ነገር አለ። እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ሆኖ የሚቀባበርበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት ማኅበር ነው። ጥሩንባ ተነፍቶ፣ ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን የናቀ ደግሞ በእሱ ደጅ ለቅሶ ሲሆን የሚደርስለት የለም፤ ሬሳውን ከሚስቱ ጋር ብቻውን ይሸከማል። ሰው መንግሥትን ባይፈራ እንኳ ቅሬን ይፈራል። የወይራ አፋፍ ቅሬ ዳኛ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት መምህሩ ሼህ አብዱልጀሊል ናቸው።

በለጡ ቅሬው በተሰበሰበበት ተነስታ ቆመች። "ሞቶብኛል፣ ቅሬው ይውጣልኝ" አለች።

ሰው ደነገጠ። "ማን ሞተብሽ?"

"ቦኖዋ።"

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ሼሁ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ዝም አሰኙት።

"በይ አስረጅን" አሏት።

"ሼሁ፣ የእገሌ በሬ ገደል ሲገባ ወጥተን ይተካ አላልንም?"

"ብለናል።"

"የመምሬ በቅሎ ስትሞትስ?"

"እኔው ራሴ ሄጃለሁ። አላህ ይተካ ብያለሁ።"

"የኔ ቦኖ ከበቅሎ ታንሳለች? ወይስ ውሃ ከበሬ ያንሳል?"

አራጋው የሚባለው የቅሬው ጠሪ ከዳር ሆኖ "ቦኖዋ መቼ ኖረችና ትሞታለች?" አለ። ቀልዱ ነው። ሰው ሲያስቅ ነው የሚውለው።

ሼሁ ግን አልሳቁም። "ስልክ ላይ ትኖራለች አሉ። ጅዳ ላይ ስትፈስ ታይታለች። ሬሳዋ ያለው ግን እኛ ዘንድ ነው" አሉ። "ሬሳ ያለበት ደግሞ ያለቅሳል። ደረት መድቃት አልወድም፤ መቀመጥና ይተካ ማለት ግን ወጋችን ነው። ቅሬው ይወጣል። ድንኳኑም የሚተካ ነገር እስኪመጣ አይነሳም።"

በማግስቱ ጧት አራጋው አፋፉ ላይ ወጣ። የአራጋው ድምፅ ለጉድ ነው። ሰኞ የጮኸውን ማክሰኞ ኩታበር ላይ ይሰሙታል ይላል እሱ ራሱ። አቀስታ ያሉ በቅሎዎች ደግሞ እሱ ጥሩንባ ሲነፋ የተጫኑትን አራግፈው ወደ ለቅሶ ይነሳሉ ይላል። ጥሩንባውን ነፋና፦

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የወይራ አፋፍ ቦኖ አርፋለች! ዕድሜዋ የአንድ ቦቴ ውሃ ነበር! የቀረ በቅሬው ሕግ ይጠየቃል!"

አገሩ ወጣ። ድንኳኑ ቦኖዋ ላይ ተተከለ። ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ተቀመጠ። በለጡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ባለ ለቅሶ ከፊት ሆነች። ሟች ሲኖር ፎቶው ከፊት ይደረጋል፤ ቦኖዋ ግን በሕይወት እያለች የተነሳችው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ሙእሚን አሳትሞ አመጣው፣ አበባ አስጠጉለት። በፎቶው ላይ ቦኖዋ ትፈስሳለች፣ በለጡ ትስቃለች።

ሼሁ አስቀድመው ደረት አይደቃም ስላሉ ማንም አልደቃም። በለጡ ግን አንዲት ሙሾ አወረደች፤ ሼሁም ጆሯቸውን ያሳከካቸው መስለው አሳለፏት፦

"ቦኖዬ ቦኖዬ፣ ቁመተ ሎጋዋ፣
ፎቶ ላይ ወንዝ ናት፣ ደጄ ላይ ደረቋ።"

ሙእሚን ድንኳኑን፣ ሰዉን፣ አበባ የተደረገለትን ፎቶ አነሳ። ኔትወርክ በደንብ የሚገኘው ከሮቶው አጠገብ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ እሱም ሲያሻው። ሙእሚን ጉብታው ላይ ወጥቶ ፎቶዎቹን ገጹ ላይ ለቀቀና "ወይራ አፋፍ ለቅሶ ላይ ነን። ዝርዝሩን እንልካለን" ብሎ ጻፈበት። ዝርዝሩን ሊጽፍ ሲል ኔትወርኩ ሄደ።

ተመልሶ ሲመጣ ከኑርጃን ጉያ ያለው ስልክ ጮኸ። ፈውዚያ ናት። እያለቀሰች ነው።

"እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም? እትዬ በለጡ! አላህ ይማራቸው፣ ምን አገኛቸው?"

ኑርጃን ግራ ገብቷት ስልኩን ለበለጡ ሰጠቻት።

"ሀሎ፣ ማን ሞተ አልሽ?" አለች በለጡ።

ጅዳ ላይ ጩኸት ተሰማ፤ ስልኩ ሳይወድቅ አልቀረም። ፈውዚያ ለረጅም ጊዜ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" ስትል ቆይታ በለጡ ሰው መሆኗን እስክታምን ድረስ የእናቷን ዶሮ ስም ሳይቀር ጠየቀቻት።

ሙእሚን ከጉብታው ላይ እየሮጠ ወረደ። "ጉድ ፈላ! ፎቶዎን ከፊት አይተው እርስዎ የሞቱ መስሏቸው አገር እያለቀሰ ነው! አሁኑኑ ላስተካክለው" አለና ደግሞ ስልኩን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምን አየህ?"

"ጠል ለወገን ሐዘን መግለጫ አውጥቷል።"

"ለማን?"

"ለእርስዎ።"

አነበበላት። "ወይዘሮ በለጡ በድንገት ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘን ሰምተናል። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ድርጅታችን ካስገነባው ቦኖ ንጹሕ ውሃ እየጠጡ፣ ፊታቸው ከሳቅ ተለይቶ አያውቅም ነበር።"

ከለቀስተኛው ሁሉ ቀድሞ የሳቀው አራጋው ነው። ሳቁ ለእርሱም ከልክ አለፈበት መሰለኝ አፉን በጋቢው ያዘ።

"ሳልሞት ገደሉኝ፣ ሳልጠጣ አጠጡኝ" አለች በለጡ። ከተቀመጠችበት ተነሳች። "ሙእሚን፣ እንዳታስተካክለው። ያ ስልክህ የሚናገር ሰው ይቀርጻል?"

"ይቀርጻል።"

"ሙት ሲናገር ቅረጽ።"

ከቦኖዋ አጠገብ ቆመች። ነጠላዋን አላስተካከለችም።

"እኔ በለጡ ነኝ። ሞታለች የተባልሁት። እስከ ዛሬ ሞቼ አላውቅም፣ ከዚች ቦኖም የቦቴው ውሃ ካለቀ ወዲህ ጠጥቼ አላውቅም። ያን ቀን የሳቅሁት ፎቶ አንሺው በቂጡ ስለወደቀ ነው፤ ጤናውን ይስጠው፣ አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። መሞቴን መጥቶ ያልጠየቀ ድርጅት መጠጣቴንም መጥቶ አልጠየቀም። የሞተችው ይቺ ናት።" ቦኖዋን ከፈተችው። አንድ ተርብ ወጣና በፎቶው ዙሪያ ዞሮ ሄደ። "አያችሁ? ባለቤቱ እሱ ነው። ጅዳ ያላችሁ፣ ቤሩት ያላችሁ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆች፣ ለቅሶ መድረስ ባትችሉ በያላችሁበት ይተካ በሉን። መቆፈሪያው ያለው ግንቦት እስኪወጣ ነው።"

ቪዲዮው በዚያ ኔትወርክ ለመውጣት ከበለጡ ገደል አወጣጥ የባሰ ጊዜ ፈጀ። አንዴ ከወጣ ግን አልተመለሰም። ጅዳ ያሉት ሴቶች ከየወጥ ቤቱ ለቅሶ ወጡ። ድርጅቱ በለጠፈው ፎቶ ሁሉ ሥር፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየዛፍ ችግኙ፣ በየጥብጣቡ ሥር "ለወይራ አፋፍ ቦኖ አላህ ይተካ"፣ "እግዜር ይተካ" ይጻፍ ጀመር። ድርጅቱ ያጠፋል፣ እነሱ ይጽፋሉ። ሲያጠፋ የዋለ ሰው ጣቱ ቀጥኖ መርፌ ሆነ እየተባለ ዛሬም ይወራል።

በበነጋው በላይ መጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

"ይሄ ስብሰባ ተበትኗል!"

ሼህ አብዱልጀሊል ቀና ብለው አዩት። "ስብሰባ የለም፣ ልጄ። ለቅሶ ነው። አንተም የቅሬው አባል ነህ፣ ትላንት ቀርተሃል። ቁጭ በልና ይተካ በል።"

"ሼሁ፣ እኔ በመንግሥት ሥራ ነው የመጣሁት።"

"መንግሥት ሲሞትብህ መንግሥት ይቀብርልሃል። እናትህ ግን የሚቀበሩት በእኛ ትከሻ ነው። ዕድሜያቸውን ያርዝመውና።"

በላይ ዙሪያውን አየ። አገሩ ሁሉ ያየዋል። ሙእሚንም ስልኩን ወደ እሱ አዙሯል። በላይ ቆቡን አወለቀ፣ ከወንዶቹ ዳር ቁጭ አለ። ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ "ይተካ" አለ።

"አልሰማንም፣ አያ በላይ!" አለ አራጋው።

"ይተካ አልሁ እኮ!"

እንዲህ እንዳሉ ነጭ መኪና አቧራውን እያስነሳ ደረሰ። ወንድዬ ነው። በቪዲዮው ምክንያት ከአዲስ አበባ በርሮ መጥቷል፤ ገና ከመኪናው ሳይወርድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር።

"እናቴ! እንኳን በሕይወት አየሁዎት! አለመግባባት ነው፣ አለመግባባት። እኔ ፎቶውንና ሐዘን መግለጫውን አነሳለሁ፣ እናንተም ቪዲዮውን ታነሳላችሁ፣ በቃ እንተቃቀፍ።"

"ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ነው የመጣኸው" አለችው በለጡ። "ቁጭ በል። እህል ቅመስ። ነገር በኋላ ይደርሳል።"

ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀምስ የሚወጣ የለምና ተቀመጠ። ኑርጃን ሰፌድ ይዛ መጣች።

"ይቅርታ ያድርጉልን" አለችው ፊቷን ጭምት አድርጋ። "የለቅሶ ወጉ ንፍሮ ነበር። ንፍሮ ደግሞ መቀቀያ ውሃ ይፈልጋል። በሶም ቢሆን ይለወስ ነበር፣ መለወሻ አጣን። እንዲሁ በደረቁ ይቅመሱልን።"

ወንድዬ አየ። ሁሉም ያየዋል። እንቢ ቢል ያዘነ ሰው መናቅ ነው። አንድ እፍኝ ደረቅ በሶ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ። ጎበዝ፣ ደረቅ በሶ የቃመ ሰው ያውቀዋል። አፍ ውስጥ ገብቶ ሲሚንቶ ይሆናል። ወንድዬ አንዴ አኘከ፣ ሁለተኛ ሊያኝክ ጥርሱ አልላቀቅ አለ። ከንፈሩ ነጣ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ሊናገር ሲሞክር ከአፉ ደመና ወጣ። ከደመናው ዝናብ ይጥላል ብሎ ጀሪካን ያወጣ ሰው ነበር ይባላል።

"ው… ው…"

"ምን አሉ?" አለ አራጋው።

"ው… ውሃ!"

ለቀስተኛው ሁሉ በአንድ እጅ ወደ ቦኖዋ አመለከተ። በለጡ ጣሳ አቀበለችው።

"ይኸው እዚሁ አጠገብህ ነው። ለዘለቄታው ነው የተባለው።"

ወንድዬ ተነስቶ እየተንደረደረ ቦኖዋን ከፈተ። ምንም የለም። አዞረው። መታው። ጎንበስ ብሎ ከሥር አፉን ከፈተ። አንዲት እንሽላሊት ብቅ ብላ አየችውና ተመልሳ ገባች። ያን ጊዜ ጉሮሮው ተከፈተና ጮኸ፦

"ውሃ የለውም! ይሄ ነገር እኮ ውሃ የለውም!"

"አልተቀረጸም፣ ትንሽ ጎላ አድርገው" አለ ሙእሚን። ተቀርጾ ነበር።

"ውሃ የለውም ነው የምላችሁ! ባዶ ነው!"

በለጡ ከጀሪካኗ በጣሳው ቀድታ ሰጠችው። "ጠጣ። ይሄ የገደሉ ነው። በኔ ጀርባ የመጣ ነው።" ወንድዬ ጠጣ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። አፉን ጠረገና ሙእሚንን አየ፣ ስልኩን አየ። የሆነው ነገር ያኔ ገባው።

"ያን ነገር አጥፉልኝ። እለምናችኋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "የሚረዱን ሰዎች ካዩት ሌላም ቦታ ያለን ሥራ ይቆማል። ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ በእውነት የሠራናቸው አሉ።"

"እነሱን አሳያቸዋ" አለችው በለጡ። "እነዚያ ጋ ያለች ሴት ለምን አትስቅም? ሳቋን ለማምጣት እኔ ዘንድ ድረስ ምን አመጣህ? ማጥፋት አንችልበትም እኛ። ማጥፋት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አሁን የኔን ፊት አንሳ፣ በቦታው በገዛ አፍህ ያልኸውን አድርግ። ለመቆፈሪያው ሰዎችም ደውል፣ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ። ከዚያ ድንኳኑ በአንተ በኩል ተነስቷል።"

ወንድዬ በላይን አየ፣ እርዳታ ፈልጎ። በላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጣቱ መሬት ይጭራል። ሊቀ መንበርነቱን ድንኳኑ በር ላይ ትቶት የገባ ይመስላል።

ሁሉም ተያይዞ ጉብታው ላይ ወጣ። ወንድዬ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ለመነ፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉለት። ፎቶው ወረደ። "በወይራ አፋፍ የተከልነው ቦኖ አገልግሎት አይሰጥም፤ ነዋሪዎቹ ዛሬም ከገደል ውሃ ይቀዳሉ" የሚል ወጣ። ወደ መቆፈሪያው ሰዎችም ደወለ። እነሱማ ቪዲዮውን ቀድመው አይተውታል፤ ከሾፌሩ እስከ ዘበኛው እየተቀባበሉ ሲስቁበት ነው ያደሩት። "ሴትዮዋን አሳዩን፣ አሁንም ትስቃለች?" አሉት። "ኧረ አትስቅም" አለ ወንድዬ። እውነት ከአፉ ሲወጣ ያን ቀን ሁለተኛው ነው።

መቆፈሪያው በግንቦት አጋማሽ መጣ። መኪናው ትልቅ ነው፤ ዳገቱን ሲወጣ ተራራው በአንድ በኩል ዝቅ አለ ይላል አራጋው። ድንኳኑ እዚያው እንደቆመ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ሳይወርድ ሰዉ ከየአቅጣጫው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ወጣቱም፣ ሽማግሌውም፣ በላይም ጭምር። የድንጋዩም ብዛት ለቤት መሠረት ይበቃል። ከፊት ጎማ ሥር፣ ከኋላ ጎማ ሥር፣ በየመሐሉ ይደረድሩት ጀመር።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ። "ምን እያደረጋችሁ ነው? ቆሟል እኮ! ፍሬን ይዣለሁ!"

"ያዝ" አለችው በለጡ፣ የመጨረሻውን ድንጋይ በእግሯ ወደ ጎማው እየገፋች። "እኛም እየያዝን ነው።"

"ላታስወጡኝ ነው እንዴ?"

"ውሃው ሲወጣ ትወጣለህ።"

ሾፌሩ ጎማውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ቆፋሪ አየ። ቆፋሪው ትከሻውን ሰበቀ።

"እትዬ፣ እኔ አላህ አይደለሁም። ቆፍረን ውሃ ባይገኝስ?"

በለጡ እጇን ዘርግታ ከአፋፉ እስከ ጉብታው፣ ከጉብታው እስከ ማዶው ሜዳ አሳየችው።

"ሌላ ጋ ትቆፍራለህ" አለችው። "ቦታው እንደሆነ ሰፊ ነው።"